የሚጾም ኩሽኔታ

ግራሶ ከናዝሬት ሱቆች የጠፋ ዓመት ልጄ የወፍጮውን ኩሽኔታ በበሬ ሞራ መቀባት ጀመረ። ግራሶ የምንለው ያንን ወፍራም የማሽን ቅባት ነው። ከሻሸመኔ የሚመጡ ሾፌሮች አልፎ አልፎ በጣሳ ደብቀው ይሸጡልን ነበር፤ ኋላ እነሱም «ለራሳችን መኪና አጣን» ማለት ጀመሩ። ሞራ ግን ሥጋ በሚሸጥበት ከተማ አይጠፋም። ልጄ ሞራውን አቅልጦ፣ አጥልሎ፣ ከቀረችው ግራሶ ጋር እየለወሰ ሲቀባው ወፍጮው ደህና ዞረ። እኔም ዱቄት እየጠረግሁ፣ የሰው እህል እየመዘንሁ፣ ተመስገን እላለሁ።

ወፍጮ ቤቱ የቀበሌያችን ነበር። ድሮ ባለቤቴ ለባለሀብቱ ተቀጥሮ ይፈጭበት ነበር። ወፍጮው ሲወረስ ባለቤቴም አብሮ ተወረሰና ለቀበሌው መፍጨቱን ቀጠለ። እሱ ሲሞት ልጃችን አሥረኛ ክፍል ነበር፤ ደብተሩን ጥሎ በአባቱ ቦታ ቆመ። ሌላ ልጅ የለኝም። ያኔ የሱ እኩዮች እየታፈሱ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ኳስ ሜዳ የወጣው አይመለስም፤ ሲኒማ የገባው ሲወጣ መኪና በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ግን አንድ ቀን የልጄን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ «የአንተ ግንባር እዚህ ነው፤ ይኼ ወፍጮ እስከ ዞረ ድረስ» አለው።

እስከ ዞረ ድረስ። ሌላው የሊቀመንበሩ ንግግር ሁሉ በጆሮዬ አልፎ ሄዷል፣ ይቺ ግን ሆዴ ውስጥ ተቀምጣ ቀረች። ገበያ ወጥቼ እንኳ ጆሮዬ የወፍጮውን ድምፅ ሲፈልግ ይውላል። መብራት በሄደ ቁጥር ልጄን ይዞብኝ የሄደ ይመስለኛል።

ኩሽኔታ ምን እንደሆነ ያስረዳኝ ራሱ ልጄ ነው። የወፍጮውን ድንጋይ የሚያዞረው ረጅም የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ በሁለት በኩል የሚያርፍባቸው ቀለበቶች አሉ፤ በቀለበቱ ውስጥ እንደ ልጆች ብይ ያሉ የብረት ኳሶች ተደርድረዋል። ኩሽኔታ ማለት ያ ነው።

«ዘንጉ በብረት ላይ የሚዞር ይመስልሻል እማዬ። የሚዞረውስ በቅባቱ ላይ ነው» ይለኛል። «ቅባቱ መሃል ገብቶ እንደ ስስ ቆዳ ይለያቸዋል። ያ ቆዳ የተቀደደ ዕለት ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ይግላል፤ ሲግል ያብጣል፤ ሲያብጥ ይጨናነቃል፤ ሲጨናነቅ ደግሞ ባሰበት።»

«መጨረሻውስ?»

«ይይዛል። ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ዘንጉን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ይበጠሳል፣ ሞተሩ ይቃጠላል፣ አለቀ።»

«ይኼ ብረትን ከብረት የሚያፋጀው ነገር ስም አለው?»

«ትምህርት ቤት ሰበቃ ነው የሚሉት።»

ተራ ከሚጠብቁት ሴቶች መካከል ጠላ የምትሸጠው ጎረቤቴ ነበረች። «ኧረ ቀስ በል አንተ ልጅ!» አለችው። «ሰበቃውስ በዚህ ቀበሌ መች ጠፋ! አሳባቂ ያቃጠለው ቤት ስንት ነው!» ሳቅን። ግን ሳቃችን ሳያልቅ ሁላችንም ማን እንደሰማን ዞር ዞር ብለን አየን።

ሁዳዴ ገባ። በፍስክ ማንም ልብ ያላለው ሽታ በጾም አፍንጫ ያነቃል። ያቺው ጎረቤቴ የሽሮ እህሏን ተሸክማ ከበሩ እንደገባች ቀጥ አለች።

«ይኼ ወፍጮ ቤት ምነው ጥብስ ጥብስ ሸተተኝ?»

ልጄ አልዋሸም። «ሞራ ነው እትዬ። ግራሶ ስለጠፋ ኩሽኔታውን በሱ ነው የምቀባው።»

«ሞራ! በሁዳዴ! እዚህ ላይ ነው ሽሮዬን የምታስፈጨኝ?»

«ዱቄቱን አይነካውም እኮ። ኩሽኔታው ከድንጋዩ ውጭ ነው።»

«ሽታውስ? ሽታ አይገባም?»

ሰልፉ ተንጫጫ። አንዷ ከረጢቷን ማንሳት ጀመረች፤ ሌላዋ «ወይ ኩሽኔታችሁ ይጹም፣ ወይ እኛ ሌላ ወፍጮ እንሂድ» አለች። ከሰልፉ ጫፍ እህል የምትነግድ ሙስሊም ኦሮሞ ሴት ነበረች፤ ሁላችንም አዴ እንላታለን። ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ያ ረቢ! የእናንተስ ብረቱም ይጾማል? በሉ እንግዲያው እኔን አስቀድሙኝ፤ የእኔ በቆሎ ጾም የለበትም!»

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ሰው ከሸሸ ወፍጮው ይቆማል። ወፍጮው ከቆመ ያቺ «እስከ ዞረ ድረስ» የምትባለው ነገር አለች። ልጄም ገባው። ያን ቀን ሲመሽ ኩሽኔታውን ፈትቶ ሞራውን በናፍጣ አጠበው፣ በምትኩ የኑግ ዘይት ሞላው። የኑግ ዘይት የጾም ነው ብለን ሁላችንም ተስማማን፤ ጎረቤቴ እንዲያውም ከቤቷ አንድ ጠርሙስ አመጣች።

መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ቀሎት ዞሮ አያውቅም። ሴቶቹ በመጡ ቁጥር፣ «የሚጾመው ኩሽኔታ እንዴት ዋለ? ስንት ሰዓት ነው የሚገድፈው? ቅዳሴ ያስቀድማል?» ይላሉ። የሽሮውም የበርበሬውም ሰልፍ በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። የኑግ ዘይት በመጥበሻ ጠርዝ ላይ ሲቆይ ምን እንደሚሆን የማታውቅ ሴት ከመካከላችን አልነበረችም። ሙጫ ነው የሚሆነው፤ በአመድ ቢፈገፈግ አይለቅም። ስንት ዓመት መጥበሻ የፈገፈግን ሴቶች፣ አንዳችንም ያንን ከኩሽኔታ ጋር አላገናኘነውም።

ከዚያ የስንቅ ገብስ መጣ። ለግንባር የሚላክ በሶ ነው፤ ገብሱን ቤት ለቤት አውጥተን ቆልተነዋል። ጆንያው እስከ ጣሪያው ተከመረ። ሊቀመንበሩ፣ «ነገ ማታ መኪና ይመጣል። ተፈጭቶ፣ ተሰፍቶ ይጠብቅ» ብሎ ሄደ። በዚያው ምሽት ኩሽኔታው ማልቀስ ጀመረ። እውነቴን ነው፣ ለቅሶ ነው፤ ቀጭን፣ የማይቋረጥ፣ ጥርስ የሚያሳክክ። ልጄ አቁሞ ክዳኑን ከፈተና ጣቱን አስገባ። ዘይቱ ቡናማ ሙጫ ሆኖ ጣቱ ላይ ተንጠለጠለ።

ሁለታችንም የምናስበው አንድ ቃል ነበር። በሌላ ቀበሌ አንድ ሠራተኛ ሞተር ተቃጥሎበት «አሻጥር ነው» ተባለና ተወሰደ። ሚስቱ ምግብ ይዛ እስር ቤት ደጃፍ ስትመላለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ማሽኑ አርጅቶ ነው፣ ቅባት ጠፍቶ ነው ብሎ የሚሰማ የለም። ያኔ ብረት በራሱ አይበላሽም፤ ሰው ነው የሚያበላሸው።

ንጋት ላይ ልጄ፣ «ሁሩታ የአባዬ ጓደኛ አለ። የሱ ወፍጮ ግራሶ አያጣም» አለኝ። «የእህል መኪና ይዤ ደርሼ እመለሳለሁ።»

«ይለፍ ወረቀትስ?»

«ይለፍ ልጠይቅ ብሄድ ለምን ይሉኛል። ወፍጮው ታመመ ልበላቸው?»

እውነቱን ነው። ቺንጋውን ላላ አደረገው፤ በጣም ሲወጠር ዘንጉን ወደ አንድ ጎን ስቦ ኩሽኔታው ላይ ይጭነዋል አለኝ። ትንሽ ናፍጣና የተረፈች ሞራ ጠብ አደረገበትና እጄን ይዞ ቀለበቱ ላይ አሳረፈው።

«አባዬ የሚለካው እንዲህ ነበር። መዳፍሽን ጭነሽ አቡነ ዘበሰማያት በይ። እስከ መጨረሻው ካደረስሽ ደህና ነው። መሃል ላይ ካቃጠለሽ የእህሉን አፍ ጥበቢው፣ ጫናው ይቅለልለት። ገና ሳትጀምሪው እጅሽን ካስነሳሽ ግን ማንም ምንም ቢል ሞተሩን አጥፊው።»

«ውሃ ብረጭበትስ?»

«እንዳታደርጊው! ውጪው በአንዴ ሲበርድ ይኮማተርና ውስጡን ያንቀዋል። ያኔ ወዲያው ነው የሚይዘው።»

ሄደ። ወፍጮውን እኔ አስነሳሁት።

እንግዲህ ያን ቀን የጸለይኩትን ያህል በዕድሜዬ ጸልዬ አላውቅም፤ ልቤ ግን አንዴም ሰማይ አልደረሰም፣ ብረቱ ላይ ነበር። እጄን እጭናለሁ፣ እጀምራለሁ። ጠዋት እስከ መጨረሻው ያስኬደኛል። ፀሐዩ ሲከር «ኅድግ ለነ» ላይ አነሳኝ። የእህሉን አፍ አጠበብኩት፣ ገብሱ እንደ ክር ቀጥኖ መውረድ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ «ሲሳየነ» ላይ አነሳኝ። ጎረቤቴ ጆንያ እያቀበለች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ነገሩን ከነገርኳት በኋላ እሷም ለአዴ በጆሮዋ ነገረቻት። ከዚያ ወዲያ ሰልፉ ላይ ያለች ሴት ሁሉ ያወቀች መሰለኝ፤ እጄ ብረቱ ላይ ባረፈ ቁጥር ወሬው ቀጥ ይላል፣ ሳነሳው ይቀጥላል።

መዳፌን ጭኜ «ትምጻእ መንግሥትከ» ላይ ስደርስ ሊቀመንበሩ የቀበሌውን ጥበቃ አስከትሎ ገባ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምንድን ነው የምታልጎመጉሚው?»

«እየቆጠርኩ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«ምን ትቆጥሪያለሽ?»

«ጆንያውን።»

ክምሩን ቀና ብሎ አየና ግንባሩ ተቋጠረ። «ግማሹ እንኳ መች አለቀ! ለምንድን ነው እህሉ እንዲህ እያነባ የሚወርደው? ልቀቂው!»

«ኩሽኔታው ትንሽ ሞቆት ነው።»

ሄዶ በእጁ ጨበጠው። አያ! ብሎ እጁን አራገፈ። ከሰልፉ መሃል አንዷ ሳቋን በነጠላዋ ስታፍን ሰማኋት። እሱም ሰማ። ፊቱ ተለወጠ። «ይኼማ እሳት ነው! ውሃ አምጣ!» አለ ጥበቃውን። ጥበቃው በር ላይ ካለው በርሜል ባልዲ ሞልቶ መጣ። ባልዲውን ሲያነሳ እኔ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ ክንዱን ይዤዋለሁ። የመንግሥት ሰው ክንድ። ውሃው እግራችን ላይ ፈሰሰ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ ሊቀመንበሩ።

የጥበቃውን ክንድ ሳልለቅ ተናገርኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ለእርስዎ ፈርቼ ነው። ትኩስ ኩሽኔታ ላይ ውሃ ካረፈ ዘንጉን ያንቀዋል፣ ወዲያው ይይዛል። የግንባሩ ስንቅ ሳይፈጭ ቀረ፣ ማን አፈሰሰበት ቢባል ይኼ ሁሉ ሰው አይቷል። አሻጥር እንዳይባልብዎ።»

ያ ቃል ከነሱ አፍ ሲወጣ እንጂ ወደ እነሱ ሲሄድ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጥበቃው ባልዲውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው፤ እንዲያውም በእግሩ ከራሱ ራቅ አደረገው።

«እና ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«እርስዎ ይቁም ካሉ ይቁም። አለቃው እርስዎ ነዎት።»

ሰዉን አየ። ክምሩን አየ። ኩሽኔታው ያለቅሳል። «በቃ ይቁም» አለ። «እስኪበርድ።»

ቃሉን ሳይጨርስ ማጥፊያውን መታሁት። ድንጋዩ እየዘገመ፣ እየዘገመ ቆመ። ራሴን ግድግዳ ላይ ደገፍኩ። በሰው ፊት፣ በሱ ቃል ቆሟል፤ ይኼ እንግዲህ በልጄ አይላከክም። እፎይ ልል አፌን ስከፍት፣

«ልጅሽስ?» አለኝ። «ይኼ ሁሉ ሲሆን የት ነው ያለው?»

«ቅባት ፍለጋ ወጥቷል።»

«የት?»

«እዚሁ… ከተማ ውስጥ።»

ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «ይጠበቃል። ይኼ ብረት እስኪበርድ ከመጣ መጣ። በርዶ ካልመጣ ኮብልሏል ማለት ነው፤ ስሙን ይዤ ነው የምሄደው። ወፍጮውን የሚፈጭ ሌላ ሰው አይጠፋም።»

ከጠዋት ጀምሮ አትጋል፣ አትጋል ስለው የዋልኩትን ብረት አሁን አትብረድ ልለው ነው። ዱቄት እንዳይገባበት ነው ብዬ ባዶ ጆንያ አለበስኩት። ጎረቤቴ ምንም ሳትጠይቀኝ ሌላ ደረበችበት። ከዚያ ወገቤን እንዳመመው ሰው ጀርባዬን አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ በቀሚሴ ሲያልፍ ይሰማኛል። እንደ ዶሮ ታቀፍኩት።

አዴ ደግሞ ከሰልፉ ወጥታ ሊቀመንበሩ ፊት ቆመች። «ጌታው፣ የእኔ በቆሎ መቼ ነው የሚፈጨው?»

«አዴ፣ የግንባር ስንቅ እያለ በቆሎ ትይኛለሽ?»

«ግንባር ያለው ልጅ አይደለም እንዴ? የእኔም ልጅ እዚያ ነው። ቤት የቀሩት ደግሞ ምን ይብሉ? ንገሩኝ እስቲ።» አማርኛው ሲያጥራት በኦሮሞኛ ትቀጥላለች፤ እሱም ኦሮሞኛ ስለሚያውቅ መልስ መስጠት ግድ ሆነበት። ልጇ የትኛው ጦር ውስጥ እንዳለ፣ ደብዳቤው እንደጠፋባት፣ ደግሞ ስለ በቆሎው፣ ደግሞ ስለ ልጇ። ያን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። በኋላ ሳስበው፣ ስለ ልጇ የተናገረችው ለማታለል ብቻ አልነበረም፤ ዓይኗ ውሃ ሞልቶ ነበር።

ሊቀመንበሩ በመካከሉ ብድግ ብሎ ጆንያውን ገልጦ ነካ። «አሁንም ትኩስ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። ሦስተኛ ሲነሳ እኔ ቀድሜ አውቄዋለሁ፤ ጀርባዬ ነግሮኛል። ብረቱ እንደ ሰው ገላ ለብ ብሏል፣ ከዚያ በላይ የለውም።

«በርዷል» አለ። ለጥበቃው ራሱን ነቀነቀለት። ሁለቱም ወደ በሩ ሄዱ። እኔም ተነሳሁ፤ ምን ልል እንደነበር አላውቅም፣ ምናልባት እግሩ ላይ ልወድቅ ነበር። ሰልፉ ተከፈለና ልጄ ገባ።

ዱቄት ሳይሆን አቧራ ለብሷል። ደረቱ ላይ የያዘውን ጣሳ ሲያወርደው ሽታው ደረሰኝ፤ ግራሶ።

«የት ነበርክ?» አለው ሊቀመንበሩ።

«ሁሩታ» አለ ልጄ።

እኔ ከተማ ውስጥ ነው ብያለሁ። ሊቀመንበሩ ዞሮ አየኝ፤ መሬት መሬት አየሁ።

«ሁሩታ። በየትኛው ይለፍ?»

ልጄ ጣሳውን እግሩ ሥር አስቀመጠ። እኔም መሬት እያየሁ ስለነበር እግሩን ያየሁት ያኔ ነው። ጠዋት ጫማ አድርጎ ነበር የወጣው። አሁን ባዶ እግሩን ነው፤ አንዱ ጣቱ ደምቷል። ኬላ ላይ ወረቀት የሌለው ሰው ያለውን ሁሉ፣ ጫማውንም ጭምር፣ ጉቦ ሰጥቶ እንደሚያልፍ የማያውቅ የናዝሬት ሰው የለም። ያንን ኬላ የሚጠብቁት የሊቀመንበሩ ብጤ የመንግሥት ሰዎች እንደሆኑም። ቀና ስል ሊቀመንበሩም የልጄን እግር እያየ ነው። ብዙ አየው። ጥበቃው በሌላ በኩል ዞሮ ግምጃ ቤት እንደሚጠብቅ ሰው በሩን ይጠብቃል።

«መኪናው ሊደርስ ነው» አለ ሊቀመንበሩ በመጨረሻ፣ የይለፉን ነገር ትቶ። «ፍጭ።»

ልጄ ኩሽኔታውን ፈታው። ሙጫውን በናፍጣ እያራሰ፣ በሽቦና በጨርቅ ከኳሶቹ መሃል አወጣው። ኳሶቹ ተጭረዋል፤ እንደ ድሮው አይሆኑም አለኝ። ግራሶውን በጣቱ ሞላበት፤ ብዙ አላበዛበትም፣ ሲበዛም ያፍነዋል ይላል። ቺንጋውን መለሰ፣ አስነሳው። ድምፁ ሸካራ ነው፣ ለቅሶው ግን የለም። ገብሱን ለቀቅነው። ሴቶቹ ሁሉ የራሳቸውን እህል ትተው ጆንያ ይሰፋሉ። ሊቀመንበሩ አልሄደም፤ እየዞረ ይቆማል። መኪናው ደርሶ ጡሩንባውን ሲነፋ የመጨረሻው ጆንያ እየተሰፋ ነበር።

ጭነው ሲጨርሱ ሊቀመንበሩ ተመልሶ ገባ። ልጄ በጆንያ እጁን ይጠርጋል። አሁን ነው አልኩ። የመጣው አሁን ነው። ሊቀመንበሩ ግን ልጄን አላናገረውም፤ ወደ እኔ ዞሮ በዝግታ፣ «ባዶ እግሩን ማሽን አጠገብ አታቁሚው፤ አንድ ነገር ፈልጊለት» አለኝና ወጣ።

መኪናው ሲሄድ ሰማሁት። ዱቄቱ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ ልጄ።

«ምንም» አልኩት። «የጎረቤታችን ባል ጫማ ይበቃህ ይሆን? እግርህን እስቲ አሳየኝ።»